ስለት፣ ድንጋይና ማስደገፊያ፦ የእንጨት ሥራ መሣሪያ አሳሳል ታሪክ

የመሮና የመላጊያ ስለት ሁለት ገጾች የሚገናኙበት መስመር ነው። አንደኛው ገጽ ጠፍጣፋው ጀርባ ሲሆን ሁለተኛው በድንጋይ የተሞረደው ተዳፋት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ማዕዘን የመሣሪያውን ጠባይ ይወስናል፤ ማዕዘኑ ሲጠብ ስለቱ ያለ ብዙ ግፊት ይቆርጣል፣ ነገር ግን ቶሎ ይሸረፋል፤ ሲሰፋ ይጸናል፣ ነገር ግን ጉልበት ይጠይቃል። ለተለመደው የእንጨት ሥራ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ያለው ማዕዘን ለብዙ ዘመን ሲያገለግል ኖሯል። ሥራው ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ የተሸረፈው ወይም የዶለዶመው ብረት በሻካራ ድንጋይ ተሞርዶ ቅርጹ ይመለሳል፤ ከዚያ ጫፉ ብቻ በልም ድንጋይ ይሳላል።

ይህን ሥራ ለማቅለል የሰው ልጅ ብዙ ደክሟል። ድንጋዩን የሚያዞረው ኃይል ቀድሞ ተገኘ፤ ድንጋዩ ራሱ ከምን ይሠራ የሚለውም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ መልስ አገኘ። መሣሪያውን በትክክለኛው ማዕዘን ይዞ የማቆየቱ ነገር ግን ከሁሉም ዘግይቶ፣ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ፣ ለእጅ የተተወ ጉዳይ ነበር።

ተሽከርካሪው ድንጋይ ከመምጣቱ በፊት መሳያ ማለት መሬት ላይ ወይም ጉልበት ላይ የሚቀመጥ ድንጋይ ነበር። ጥሩ ድንጋይ እንደ ልብ ስለማይገኝ የንግድ ዕቃ ሆኖ ሩቅ ይጓዝ ነበር፤ በቫይኪንጎች ዘመን በኖርዌይ ቴሌማርክ ከሚገኘው ከአይድስቦርግ የወጣ መሳያ ድንጋይ ባሕር ተሻግሮ ተሸጧል። በአውሮፓ በእጀታ የሚዞረው ድንጋይ ከታየባቸው ቀደምት ሥዕሎች አንዱ ያለው በ9ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሬምስ አካባቢ በተዘጋጀውና የዩትሬክት መዝሙረ ዳዊት ተብሎ በሚታወቀው የብራና መጽሐፍ ውስጥ ነው። ሥዕሉ የተሣለው በ63ኛው መዝሙር ላይ ነው፤ የኢትዮጵያ ዳዊትም የሚከተለው ይህንኑ አቆጣጠር ነው። መዝሙሩ ምላሳቸውን እንደ ሰይፍ ስለሚስሉ ክፉዎች ስለሚናገር ሠዓሊው ሁለቱን ወገኖች ሰይፍ ሲስሉ አሳያቸው። ክፉዎቹ በአሮጌው ዘዴ በእጅ ድንጋይ ይፈገፍጋሉ፤ ጻድቃኑ ግን አንዱ እጀታ እያዞረ ሌላው ሰይፉን በሚዞር ድንጋይ ላይ ይዞ ይታያል። አዲስ መሣሪያ ለደጋጎቹ መሰጠቱ ስለ ዘመኑ መንፈስ ብዙ ይናገራል፤ የቴክኖሎጂ ታሪክ ጸሐፊው ሊን ዋይት በዚህች ሥዕል ላይ ብዙ ያተኮረውም በዚህ ምክንያት ነው። ለዚህ ታሪክ ግን ሌላ ነገርም ይታያል፦ ድንጋዩ በማሽን ይዞራል፣ ሰይፉ ያለ ምንም ድጋፍ በእጅ ተይዟል።

እንዲህም ሆኖ ቆየ። በ1678 በለንደን ስለ አናጢና ስለ አንጥረኛ ሙያ በክፍል በክፍል ማሳተም የጀመረው ጆሴፍ ሞክሰን ስለ መላጊያ ስለት ሲጽፍ ጠባብ ማዕዘን ጥሩ እንደሚቆርጥ፣ ሰፊ ማዕዘን ደግሞ እንደሚጸና ገልጿል። ማዕዘኑን እንዴት መያዝ እንደሚቻል ግን የሰጠው ምክር ወደ እጅ ልምድ የሚመራ ነው። ልምዱ ደግሞ ከጌታው ጎን ቆሞ ዓመታት ያሳለፈ ለማጅ የሚያገኘው እንጂ ከመጽሐፍ የሚቀዳ አልነበረም።

የሚዞረው ድንጋይ ከአናጢ ጓሮ ወጥቶ ራሱን የቻለ ሙያ የሆነው በእንግሊዟ ሼፊልድ ነው። ከተማዋ ከኮረብታ የሚወርዱ አምስት ወንዞች አሏት፤ ዶን፣ ሺፍ፣ ሪቭሊን፣ ሎክስሊና ፖርተር። በነዚህ ላይ የውኃ መዘውሮች ተደርድረው የመሞረጃ ድንጋዮችን ያዞሩ ነበር። ዛሬ ሙዚየም የሆነውና በፖርተር ላይ ያለው ሼፐርድ ዊል በ1584 በተጻፈ የኑዛዜ ሰነድ ይታወቃል። ድንጋዩ ከአቅራቢያው ከዊከርስሊ የሚፈለፈል አሸዋማ ድንጋይ ነበር። ሞራጁ ከድንጋዩ ኋላ ፈረስ እንደሚጋልብ ሰው በእንጨት መቀመጫ ላይ ተፈናጥጦ፣ ወደ ፊት አጎንብሶ፣ ክርኑን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ይሠራል። ማስደገፊያው የገዛ ሰውነቱ ነበር ማለት ይቻላል። መሮ፣ መላጊያ፣ መጋዝ፣ ቢላዋ፣ ሹካ፣ ማጭድ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሞራጆች ነበሯቸው፤ አንዱ በሌላው ሙያ አይገባም።

ዋጋው ከባድ ነበር። ውኃ ሳይነካቸው በደረቅ ድንጋይ የሚሠሩት፣ በተለይ ሹካ ሞራጆች፣ የድንጋይና የብረት ትቢያ እየሳቡ ሳምባቸው ይደርቅ ነበር። በሽታው የሞራጆች አስም ይባል ነበር፤ ዛሬ ሲሊኮሲስ ይባላል። የሼፊልዱ ሐኪም አርኖልድ ናይት በ1830 ስለዚህ በሽታ ጽፏል። ፍሪድሪሽ ኤንግልስ በ1845 ስለ እንግሊዝ ሠራተኞች ኑሮ ባሳተመው መጽሐፍ የናይትን ቃል ጠቅሶ የደረቅ ሞራጆች ዕድሜ በአማካይ 35 ዓመት እንደማይሞላ፣ በውኃ የሚሞርዱት ደግሞ ከ45 እምብዛም እንደማያልፉ አትቷል። አቧራውን የሚስብ የአየር ማስወጫ ተፈልስፎ ነበር። ሆኖም ኤንግልስ እንደጻፈው አንዳንድ ሞራጆች መሣሪያውን አልፈለጉትም፣ አልፈውም ሰባበሩት፤ ሙያው ደኅና ከሆነ ብዙ ሰው ገብቶበት ደመወዛችን ይወርዳል ብለው ፈርተው ነበር። እየሳሉ የሚሞቱ ሰዎች መድኃኒታቸውን የሰበሩበት ምክንያት ሞኝነት አይደለም፤ ከትቢያው ይልቅ ረሃቡ ይቀርብ ነበር።

ስንጥቅ ያለበት ድንጋይ እየዞረ ሲፈነዳም ሰው ይገድላል። በዚህ ላይ የሞራጆች ማኅበራት ጠብ ተጨመረ። መዋጮ ያልከፈለ ወይም ከደንብ ውጭ ለማጅ ያበዛ ሞራጅ ማለዳ ሲመጣ የድንጋዩ ማዞሪያ ቀበቶ ተሰርቆ ያገኛል። ያልተመለሰው ባሩድ ይጣልበታል። በ1866 በሄርፎርድ ጎዳና የአንድ መጋዝ ሞራጅ ቤት በባሩድ ከተናወጠ በኋላ መንግሥት መርማሪ ኮሚሽን አቋቋመ፤ በ1867 የመጋዝ ሞራጆች ማኅበር ጸሐፊ ዊልያም ብሮድሄድ በ1859 የተተኮሰበትን ጄምስ ሊንሊን ጨምሮ ለጥቃቶች ገንዘብ መክፈሉን በኮሚሽኑ ፊት አመነ። ምርመራው የእንግሊዝ የሠራተኛ ማኅበራት ሕግ በ1871 እንዲወጣ ካደረሱት ክርክሮች አንዱ ነው።

ከፋብሪካ የወጣው መሮ ለገዢው ሲደርስ ለሥራ ዝግጁ አልነበረም። የመጨረሻውን ሙርደትና ስለት የሚያወጣው አናጢው ነው። በየግንባታ ቦታው ገንዳ ውኃ ውስጥ የሚዞር፣ በእግር መርገጫ ወይም በለማጅ ጉልበት የሚንቀሳቀስ ትልቅ ድንጋይ ይቆም ነበር። በእንግሊዝ አናጢ ከሥራ ሲሰናበት መሣሪያውን የሚሞርድበት ሰዓት ወይም የሰዓቱ ክፍያ በአሠራር ደንብ ይታሰብለት ነበር፤ የዶለዶመ መሣሪያ ይዞ ወደ አዲስ አሠሪ የሚሄድ ሰው በመጀመሪያው ቀን ይባረራልና። ይህ ድንጋይ ቀስ ብሎ የሚዞር፣ ሁልጊዜ እርጥብ፣ ሰፊም ስለነበር ስሕተትን ይታገሣል። እጅ ትንሽ ቢዛባ የሚፋቀው ብረት ጥቂት ነው፤ ውኃው ሙቀቱን ይወስደዋል። ማስደገፊያ ያላስፈለገበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከሙርደት በኋላ ለሚሠራው ማለስለስ ከአሜሪካ አርካንሶ የሚወጣው ነጭ ድንጋይ፣ ከቤልጅየም አርደን የሚወጣው ቢጫ ድንጋይና ከኦቶማን ግዛት የሚመጣው የቱርክ ድንጋይ የተከበሩ ነበሩ።

ነገሩን የለወጠው ሰው ሠራሽ ድንጋይ ነው። በማሳቹሴትስ ዉስተር በፍራንክሊን ኖርተን የሸክላ ሥራ ቤት በ1870ዎቹ የኤመሪ ዱቄትን ከሸክላ ጋር ለውሶ በእሳት የመተኮስ ዘዴ ተጀመረ፤ በ1885 ከዚህ የኖርተን ኤመሪ ዊል ኩባንያ ተወለደ። በ1891 ደግሞ ኤድዋርድ አቺሰን በፔንስልቬንያ ሸክላና የከሰል ዱቄት ደባልቆ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ ሲያሳልፍበት የሚያብረቀርቁ ጠንካራ ቅንጣቶች አገኘ። ካርቦረንደም ብሎ ሰየማቸው፤ ንጥረ ነገሩ ሲሊከን ካርባይድ ነው። መጀመሪያ የሸጠው ለዕንቁ አንጣሪዎች ነበር፤ በ1895 ፋብሪካውን ወደ ናያግራ ፏፏቴ የወሰደው ለእቶኑ የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ እዚያ ርካሽ ስለነበር ነው። ብዙም ሳይቆይ ከቦክሳይት በኤሌክትሪክ እቶን የሚቀልጠው አሉሚኒየም ኦክሳይድ ተከተለ፤ ለአረብ ብረት የተሻለው እርሱ በመሆኑ ዛሬም በየሥራ ቤቱ ያለው ግራጫና ነጭ ድንጋይ ከዚህ የተሠራ ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር ሲጨመርበት በሁለት ጫፉ ሁለት ድንጋይ የሚያዞረው የጠረጴዛ ግራይንደር ተገኘ።

ይህ ማሽን የተሠራው ለእንጨት ሠሪ አልነበረም። በብረታ ብረት ቤት መሰርሰሪያና የቶርኖ ቢላ ለመሞረድ፣ የተበየደ ጠርዝ ለማስተካከል የታሰበ ነው። ኢትዮጵያን ጨምሮ 50 ኸርዝ ኃይል በሚጠቀሙ አገሮች የተለመደው ሞተር በደቂቃ 2850 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ 150 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ድንጋይ ጠርዙ በሰከንድ ከ22 ሜትር በላይ ይሮጣል ማለት ነው። ውኃ የለም። የመሮ ጫፍ ደግሞ እንደ ወረቀት የሳሳ በመሆኑ ሙቀቱን የሚያካፍለው ብረት ከኋላው የለውም። ተራ የካርቦን አረብ ብረት ወደ 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ፈዛዛ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ 300 አካባቢ ሰማያዊ። ሰማያዊው ቀለም የታየበት ክፍል ጥንካሬው ወርዷል፤ ውኃ ውስጥ ቢነከርም የሄደው አይመለስም፣ ያ ክፍል ተሞርዶ መጣል አለበት። ለዘመናት ስሕተትን ሲታገሥ የኖረው ድንጋይ በአንድ ትውልድ ውስጥ በሁለት ሰከንድ መሣሪያ የሚያበላሽ ሆነ።

ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ማስደገፊያ ደግሞ ጠባብ፣ ከታጠፈ ላሜራ የተሠራ፣ ሲጫኑት የሚንቀጠቀጥ ነበር፤ አብዛኛው ዛሬም እንደዚያው ነው። ዓላማው ማዕዘን መጠበቅ ሳይሆን እጅና ዕቃ በድንጋዩና በሽፋኑ መካከል እንዳይሰነቀሩ ማድረግ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ በማስደገፊያውና በድንጋዩ መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ስምንተኛ ኢንች፣ ማለትም ከ3 ሚሊሜትር ጥቂት ከሚበልጥ መጠን፣ እንዳያልፍ ያዛል፤ ድንጋዩ እየተበላ ሲሄድ ማስደገፊያው መጠጋት አለበት። ይኸው ደንብ ድንጋይ ከመገጠሙ በፊት ብረት ባልሆነ ቀላል ዕቃ መታ መታ ተደርጎ እንዲደመጥ ይጠይቃል፤ ጤነኛው ይጠራል፣ የተሰነጠቀው ይታፈናል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በብረት ቶርኖ ላይ ቢላውን ከሠራተኛው እጅ ወስዶ በተንሸራታች መያዣ ላይ ያሰረው የሄንሪ ሞድስሊ ሥራ የ1790ዎቹ ነው። እንጨት ሠሪዎች ግን በማሽን የሚሞርዱትን መሣሪያ ለማሰር ከዚያ ወዲያ ከመቶ ዓመት በላይ ቆዩ። የቴክኒክ ችግር አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአሜሪካ ጎማ ያላቸው የመላጊያ ስለት መያዣዎች የባለቤትነት መብት አግኝተው ይሸጡ ነበር። ያረጁ አናጢዎች ግን ይንቋቸው ነበር፤ ሙያ ያልተማረ ሰው መሣሪያ ይሏቸዋል። አነጋገራቸው ትዕቢት ቢኖረውም እውነት ነበረው። ጂግ የሚባለው እንዲህ ያለ መያዣ የሚያስፈልገው በሳምንት አንድ ቀን ለሚስል እንጂ በቀን አሥር ጊዜ ለሚስል ሰው አይደለም። የፋብሪካ እንጨት ሥራ በማሽን ቢላዎች ሲተካ፣ የለማጅነት ሥርዓት ሲዳከምና እንጨት ሥራ የመዝናኛ ሙያ ሲሆን ግን በሳምንት አንድ ቀን የሚስለው በዛ። ጂጉን የወለደው ፋብሪካው ሳይሆን ይህ ሰው ነው።

ቀላሉና እጅግ የተሰራጨው መያዣ የሼፊልዱ ጄምስ ኒል ኩባንያ ኤክሊፕስ በሚል ስም የሸጠው ቁጥር 36 ነው። ስለቱ በሁለት መንጋጋ ይያዛል፣ ከታች አንዲት ትንሽ ጎማ ድንጋዩ ላይ ትንከባለላለች። ማዕዘኑ የሚለካው በዲግሪ መለኪያ ሳይሆን ስለቱ ከመያዣው በወጣበት ርዝመት ነው፦ የመላጊያ ስለት 50 ሚሊሜትር ሲወጣ 25 ዲግሪ፣ 38 ሲወጣ 30 ዲግሪ፤ መሮ ደግሞ 40 ሲወጣ 25፣ 30 ሲወጣ 30። ቁጥሮቹ በመያዣው ጎን ታትመዋል። ርዝመት በማስመሪያ ይለካል፤ ማዕዘን ግን በዓይን ይሳሳታል። ከዚያ በኋላ የመጡት ብዙ የግራይንደር ጂጎች የሚሠሩት በዚሁ ሐሳብ ነው።

በሚዞር ድንጋይ ላይ ግን አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ድንጋዩ ክብ ስለሆነ የሚያወጣው ተዳፋት ሸለቆ ይኖረዋል። ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር የሆነ መሮ በ25 ዲግሪ ሲሞረድ ተዳፋቱ 9.5 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል፤ በ150 ሚሊሜትር ድንጋይ ላይ የሸለቆው ጥልቀት ወደ 0.15 ሚሊሜትር ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን መሮው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ የሚነካው በጫፉና በተረከዙ ብቻ በመሆኑ ሳይወዛወዝ ይቆማል፣ በእጅ የሚስለውም ሰው ያለ መያዣ ማዕዘኑን ያገኛል። ሸለቆው ራሱ ጂግ ሆኖ ያገለግላል። ተጠቃሚው ማስደገፊያውን ሲያስተካክል የድሮውን ተዳፋት በቀለም ቀብቶ ድንጋዩን በእጁ ትንሽ ያዞረዋል፤ ጭረቱ ወደ ጫፉ ካደላ ማዕዘኑ ሰፍቷል፣ ወደ ተረከዙ ካደላ ጠቧል፣ ከላይ እስከ ታች ካገኘው ልክ ነው።

በስዊድን ሊንዴስቤሪ ቶርግኒ ያንሶን በ1973 ያቋቋመው ቶርሜክ ኩባንያ ወደ ድሮው መንገድ ተመለሰ። ድንጋዩ 250 ሚሊሜትር ስፋት አለው፣ ውኃ ገንዳ ውስጥ በደቂቃ 90 ጊዜ ገደማ ይዞራል፤ የጠርዙ ፍጥነት በሰከንድ 1.2 ሜትር ያህል ሲሆን ከደረቁ ግራይንደር ወደ 19 እጥፍ ያነሰ ነው። አዲሱ ነገር ድንጋዩ አልነበረም። ከድንጋዩ በላይ የሚዘረጋ ክብ ብረት ተገጠመ፣ በላዩም ለመሮ፣ ለቢላዋ፣ ለመጥረቢያ፣ ለመቀስ የየራሳቸው መያዣዎች ይንሸራተታሉ። ጉዳቱ ዝግታው ነው፤ በክፉ የተሸረፈ መሮ ለመመለስ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ጂግ ከሁሉም ይልቅ የተፈለገው በእንጨት ቶርኖ ሠሪዎች ዘንድ ነው። የቶርኖ ጎድጓዳ መሮ ጫፉ ቀጥ ያለ አይደለም፤ እንደ ጥፍር ወደ ኋላ የሚጠመዘዙ ሁለት ክንፎች አሉት። ይህን ለመሞረድ እጅ በአንድ ጊዜ ማሽከርከር፣ ማወዛወዝና ማዕዘን መጠበቅ አለበት። ቶርኖ ሠሪ ደግሞ በሥራ መሐል በየጥቂት ደቂቃው ወደ ድንጋዩ ይመለሳል። ፍሬድሪክ ቴይለርና ማውንስል ዋይት በ1900 በፓሪስ ኤግዚቢሽን ያሳዩት ሃይ ስፒድ ስቲል፣ 600 ዲግሪ አካባቢ ድረስ ጥንካሬውን የሚጠብቀው ብረት፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ወደ እንጨት ቶርኖ መሣሪያ ሲገባ ደረቅ ግራይንደር ያስከትለው የነበረው የመቃጠል ስጋት ቀለለ። የቀረው ቅርጹን መድገም ነበር። የካናዳ ኦንታሪዮው ዋንዌይ ኩባንያ ዎልቨሪን ብሎ ያወጣው ማስደገፊያ መፍትሔው ቀላል ነው። ከድንጋዩ ሥር ወደ ፊት የሚንሸራተት ክንድ አለ፣ በጫፉ ጎድጓዳ ኪስ። የመሮው እጀታ ኪሱ ውስጥ ይገባል ወይም የመያዣው እግር ኪሱ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ መሮው ግራና ቀኝ ሲወዛወዝ የሚጽፈው ቅስት ሁልጊዜ አንድ ነው። ቅርጹ ከተደገመ የሚፋቀው ብረት ጥቂት ነው፤ ውድ መሮ ለዓመታት የሚያገለግለውም በዚህ ነው።

ለመሮና ለመላጊያ ደግሞ ሌላው መስመር ሰፊው ጠፍጣፋ ማስደገፊያ ነው። ሊዮናርድ ሊ በ1978 በኦታዋ ያቋቋመው ሊ ቫሊ ኩባንያ ቬሪታስ በሚል ስም ከሸጣቸው ዕቃዎች አንዱ ይህ ነው፤ በጠፍጣፋው ገጽ ቦይ ውስጥ የሚንሸራተት መያዣ ስለቱን ቀጥ አድርጎ ከግራ ወደ ቀኝ ያመላልሰዋል። ሊ ራሱ በ1995 ስለ መሳል ያሳተመው መጽሐፍ ለመሣሪያዎች የሚስማሙ ማዕዘኖችን ከምክንያታቸው ጋር በማቅረቡ ሰፊ ተነባቢነት አገኘ።

ጠፍጣፋው ማስደገፊያ አንድ ድክመት አለው። አሉሚኒየም ኦክሳይድ ድንጋይ እየተበላ ሲሄድ ስፋቱ ይቀንሳል፣ ስለቱ የሚያርፍበት ነጥብ ይለወጣል፣ ትናንት የተስተካከለው ማዕዘን ከወራት በኋላ ሌላ ነው። ለዚህ መፍትሔው የመጣው ካልታሰበበት አቅጣጫ ነው። በ1957 በጄኔራል ኤሌክትሪክ ሮበርት ዌንቶርፍ የሠራው ኩቢክ ቦሮን ናይትራይድ ከአልማዝ ቀጥሎ እጅግ ጠንካራው ቁስ ነው፤ አልማዝ ካርቦን በመሆኑ በከፍተኛ ሙቀት ከብረት ጋር ሲዋሐድ ይህ ግን አይዋሐድም። ለዐሠርት ዓመታት የፋብሪካ ዕቃ ሆኖ ቆይቶ በ21ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በብረት ጎማ ላይ ተለብጦ ወደ እንጨት ሠሪዎች ገበያ ደረሰ። ስፋቱ አይቀንስም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ማስደገፊያው አንዴ ከተስተካከለ ቦታውን ይዞ ይቆያል። ለስላሳ ብረት ግን ቅንጣቶቹን ስለሚደፍናቸው ለጠንካራ አረብ ብረት ብቻ ይመከራል።

ጂግ ያልገዛቸው ሥራዎችም አሉ። ሻካራ እንጨት ለመላጥ የሚያገለግለው የመላጊያ ስለት ጫፉ ትንሽ ቅስት እንዲኖረው ይፈለጋል፤ ቀጥታ የሚያንሸራትተው መያዣ ይህን አያወጣም፣ ሠሪው በጣቱ ጫና እያበላለጠ ያመጣዋል። ጠንካራ ብረት በልስልስ ብረት ላይ ተበይዶ የሚሠራው የጃፓን መሮ ደግሞ በአገሩ ባህል ተዳፋቱ ያለ ሸለቆ ጠፍጣፋ ሆኖ በውኃ ድንጋይ ላይ በእጅ ይሳላል፤ ጠንካራው ንጣፍ የሚሰባበር ዓይነት ስለሆነ ሸለቆው ከጀርባው ያለውን ድጋፍ ያሳሳበታል። የጃፓን አናጢዎች ለግራይንደር ፊት የነሱት በዚህ ነው፤ ወደ እርሱ የሚሄዱት ስለቱ በምስማር ተመትቶ በጥልቅ ሲሸረፍ ሲሆን፣ ያን ጊዜም ሸለቆው በሻካራ ድንጋይ ተፍቆ እስኪጠፋ ድረስ ሥራው አያልቅም።